የመዥገር ክትባት ለሰው ይኖር ይሆን?

ከብት የሚያረቡ ታካሚዎቼ ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ ላሟን መርፌ ሲወጓት መዥገሩ ይረግፋል፤ ለእኛስ እንዲህ ያለ መርፌ የላችሁም?» ይሉኛል። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ተመራማሪዎች ከ80 ዓመታት በላይ ሲመላለሱበት የኖሩት ጉዳይ ነው።

በቅድሚያ መድኃኒትንና ክትባትን እንለይ። ለላሟ በብዛት የሚሰጣት አይቨርሜክቲን የተባለ መድኃኒት ነው። በደሟ ውስጥ እስካለ ድረስ ደሟን የሚመጠውን መዥገር ይጎዳል፤ ከሰውነቷ ሲወጣ ጥበቃውም ያበቃል። ክትባት ግን ሰውነት ራሱ አንቲቦዲ የተባለውን መከላከያ እንዲያመርት ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1939 ዊልያም ትሬገር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ጊኒ ፒግ በተባሉ አይጥ መሰል እንስሳት ላይ መዥገር ደጋግሞ ሲለቅ፣ በኋላ የተለቀቁት መዥገሮች እንደ መጀመሪያዎቹ ደም መጥገብ አቃታቸው። የእንስሳቱ ሰውነት መዥገርን መከላከል ተምሮ ነበር ማለት ነው።

መዥገር እንደ ትንኝ ነክሶ አይበርም። ቆዳ ላይ ተጣብቆ ለቀናት ይቆያል። ምራቁ ሕመም እንዳይሰማን፣ ደማችን እንዳይረጋ፣ የሰውነታችን መከላከያም እንዳይነቃ የሚያደርጉ በርካታ ንጥረ ነገሮች አሉት። ብዙ ሰዎች መቼ እንደተነከሱ የማያውቁት ለዚህ ነው።

በዘርፉ ብዙ ትምህርት የተገኘው «ላይም» ከተባለው በሽታ ነው። ይህ በዋናነት በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በከፊል እስያ የሚገኝ ሲሆን በቆዳ ላይ እየሰፋ በሚሄድ ቅላት ይጀምራል፤ ካልታከመ መገጣጠሚያን፣ ነርቭንና ልብን ሊጎዳ ይችላል። እንደ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ሚኒሶታ ባሉ ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩባቸው የአሜሪካ ግዛቶችም አለ። አምጪው ቦሬሊያ ከተባሉት ባክቴሪያዎች አንዱ ነው። በአገራችን በቅማል አማካይነት የሚተላለፈው፣ ትኩሳቱ ሄዶ የሚመለሰው የግርሻ በሽታ ተሕዋስም የዚሁ ወገን ነው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1998 አሜሪካ ላይምሪክስ የተባለ ክትባት ፈቀደች። አሠራሩ እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። ባክቴሪያው በመዥገሩ ሆድ ውስጥ ሳለ ኦስፕ ኤ የተባለ ፕሮቲን ለብሶ ይቀመጣል። መዥገሩ የተከተበ ሰው ደም ሲመጥ በደሙ ያለውን አንቲቦዲ አብሮ ይጠጣል፤ አንቲቦዲውም ባክቴሪያውን እዚያው ሆዱ ውስጥ ይገድለዋል። ክትባቱ የሚወጋው ሰው ነው፤ ውጊያው የሚካሄደው መዥገሩ ውስጥ ነው።

ድካሙም እዚሁ ላይ ነው። ባክቴሪያው ወደ ሰው ሲሻገር ያንን ፕሮቲን ያወልቃል። ስለዚህ ሰውነት «ሲመጣ እነቃለሁ» ብሎ ሊጠብቅ አይችልም፤ አንቲቦዲው መዥገሩ በነከሰበት ሰዓት በደም ውስጥ በብዛት መገኘት አለበት። ለዚህም ክትባቱ መደጋገም ያስፈልገዋል። ወደ 11 ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ላይ በተደረገው ሙከራ ከሁለት መርፌ በኋላ የተገኘው ጥበቃ 49 በመቶ ሲሆን ከሦስተኛው በኋላ 76 በመቶ ደርሷል።

ይሁን እንጂ አምራቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ክትባቱን ከገበያ አወጣው። አንዳንድ ተከታቢዎች የመገጣጠሚያ ሕመም እንዳመጣባቸው ተናገሩ፤ ክስ ተከተለ፤ ፈላጊ ጠፋ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መረጃውን መርምሮ ሕመሙ በክትባቱ መምጣቱን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። እንደ እኔ እምነት ይህ ክትባት በሳይንስ አልተሸነፈም፤ ወሬው ቀደመው። ፋይዘርና ቫልኔቫ የተባሉ ኩባንያዎች በተመሳሳይ ፕሮቲን ላይ የተመሠረተ አዲስ ክትባት ሠርተው ሦስተኛውን ደረጃ የሰው ሙከራ የጀመሩት ከ20 ዓመታት በኋላ፣ በ2022 ነው።

መዥገሩን ራሱን በማጥቃት ረገድ ከብቶች ቀድመውናል። ኩባና አውስትራሊያ በ1990ዎቹ ከመዥገር አንጀት ፕሮቲን የተሠራ የከብት ክትባት ሥራ ላይ አውለዋል። የተከተበችውን ላም ደም የጠጣ መዥገር አንጀቱ ይጎዳል፣ የሚጥለው እንቁላልም ይቀንሳል። ለሁሉም የመዥገር ዓይነት ግን እኩል አይሠራም። ለሰው የታሰበው ደግሞ ምራቁን ማጥቃት ነው። በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ19 የምራቅ ፕሮቲኖችን መረጃ የያዘ ኤም አር ኤን ኤ ክትባት፣ ማለትም እንደ አንዳንዶቹ የኮቪድ ክትባቶች ያለ፣ ሠርተው በ2021 ውጤቱን አሳውቀዋል። በተከተቡት ጊኒ ፒጎች ላይ የተነከሰው ቦታ ወዲያው ቀላ፣ መዥገሮቹም ሳይጠግቡ ረገፉ። ቦታው መቅላቱ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው፤ ሰው የተነከሰበትን ቶሎ አይቶ መዥገሩን ይነቅላል።

ዛሬ በእጃችን ያለ የሰው ክትባት በመካከለኛውና በሰሜን አውሮፓ መዥገር ለሚያስተላልፈው የአንጎል ቫይረስ ነው። ኦስትሪያ ለሕዝቧ በስፋት በመስጠቷ በሽታውን በእጅጉ ቀንሳለች። ልጅዎ ወይም ወንድምዎ በዚያ አካባቢ የሚኖሩ ከሆነ ስለዚህ ክትባት ሐኪማቸውን እንዲጠይቁ ይንገሯቸው።

በአገራችን ከብቶች ላይ የሚገኘው መዥገር የሚያስተላልፈው ሪኬትሲያ አፍሪኬ የተባለው ባክቴሪያ ግን ክትባት የለውም። ከንክሻው በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቀናት ውስጥ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ንፍፊት ያመጣል፤ የተነከሰው ቦታም ጥቁር ቅርፊት ይይዛል። ዶክሲሳይክሊን በተባለው መድኃኒት በሚገባ ይድናል።

መዥገር ተጣብቆ ካገኙ በእሳት አይለብልቡት፤ ቅቤም ሆነ ላምባ አይቀቡት። ጫፉ ቀጭን በሆነ ወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዘው ሳይጠመዝዙ ቀጥ አድርገው በዝግታ ይሳቡት። በጥፍር አይጨፍልቁት፤ በአፍሪካም የሚገኘው የክሪሚያ ኮንጎ ደም መፍሰስ ትኩሳት ቫይረስ መዥገር ሲጨፈለቅ ሊተላለፍ ይችላል። ቦታውን በሳሙናና በውኃ ይጠቡት፤ ቀኑንም ያስታውሱ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት ከያዘዎት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የወባ ምርመራው ነፃ ነዎት ካለ በኋላ ታይፎይድ ነው ተብሎ ከመደምደሙ በፊት «መዥገር ነክሶኝ ነበር» ይበሉና ቅርፊቱን ያሳዩ። እኛ ሐኪሞች ሳንነገር ሁልጊዜ አንጠይቅም፤ ቅርፊቱም አብዛኛውን ጊዜ በልብስ የተሸፈነ ነው።