ተጨማሪ መረጃ፦ ማሳው ሲያንስ

በወላይታ ዞን ስለ ገቢ ልዩነት ሲነሳ ወሬው ብዙም ሳይቆይ ወደ መሬት ይዞራል። ዞኑ በኢትዮጵያ ሕዝብ በብዛት ከሰፈረባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ ሲሆን፣ የብዙ ቤተሰብ ማሳ ግማሽ ሄክታር እንኳ አይሞላም።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀርቶ አራሹን የመሬት ተጠቃሚ አደረገ። ይሁንና አባት ለልጆቹ ሲያካፍል ድርሻው እያነሰ ሄደ። ለእንሰት፣ ለጎደሬና ለስኳር ድንች ብቻ የምትበቃ ጓሮ የደረሰችው ወጣት ወደ ሶዶ ወይም ወደ አዲስ አበባ ያቀናል፤ በመዲናዋ ኑሮን በሊስትሮነት የጀመሩ የወላይታ ልጆች ብዙ ናቸው።

መፍትሔው ግን ያከራክራል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ደጋፊዎች ይህ ድንጋጌ ድሃው ገበሬ በክፉ ቀን ማሳውን ሸጦ ባዶ እጁን እንዳይቀር ይጠብቀዋል ይላሉ። ተቺዎች ደግሞ መሬቱን መሸጥ ያልቻለ ገበሬ ለሌላ ሥራ መነሻ ካፒታል አያገኝም ባይ ናቸው። ማሳው እንዲህ በጠበበበት አገር የመጀመሪያው ስጋት ይበልጥ ይከብዳል።

ምግብ ለሚያጥራቸው ቤተሰቦች በ1997 የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ጉልበት ያላቸውን በእርከንና በመንገድ ሥራ፣ አቅመ ደካሞችን ደግሞ በቀጥታ ይደግፋል። በየቀበሌው የሚያሟግተው፣ ማን ይታቀፍ፣ ማንስ ራሱን ችሏል ተብሎ «ተመርቆ» ይውጣ የሚለው ነው።