በሻንጣ የምንልከው የደም ብዛት ኪኒን

ከዋሽንግተን ወይም ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ የሚሳፈር ሰው አለ ከተባለ ስልኩ አያርፍም። «ትንሽ ዕቃ ነች፣ አትከብድም» ይባላል። ስትከፈት መድኃኒት ናት፤ ለእናት የደም ብዛት፣ ለአጎት የስኳር፣ ለጎረቤት የጨጓራ። በፖለቲካ ስንጨቃጨቅ የምናድር ሰዎች በዚህ ነገር ግን ልዩነት የለንም። የምንዛሪ እጥረት የአገር ቤቱን መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ሲያራቁተው ምን ይደረግ? እኛም ለዓመታት ስንልክ ኖረናል።

ታዲያ እናታችንን ሳል ያዛት። ደረቅ፣ ሌሊት የማያስተኛ ሳል። ሰፈሩ «ሳንባ ነቀርሳ ይሆናል» አለ። አክታ ተመረመረ፣ ራጅ ተነሣች፣ አንቲባዮቲክ ሁለት ጊዜ ታዘዘላት፤ ሳሉ ወይ ፍንክች! ከወራት በኋላ አንድ ወጣት ሐኪም «የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዘው ይምጡ» አላት። ፌስታሉ ሲዘረገፍ ከጤና ጣቢያ የተሰጣት ኢናላፕሪልና እኛ የላክንላት ሊሲኖፕሪል ጎን ለጎን ተገኙ። ሁለቱንም በየቀኑ ትውጥ ነበር።

ሁለቱ ወንድማማች መድኃኒቶች ናቸው። የደም ሥርን የሚያጠብ ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ እንዳይመረት እያገዱ ግፊቱን ያወርዳሉ። አንዱን የሚወስድ ሰው ሌላውን አይደርብም፤ ግፊቱ ከልክ በላይ ሊወርድ፣ በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ሊጨምር፣ ኩላሊትም ሊጎዳ ይችላል። ደረቅ ሳል ደግሞ አንዱ ብቻውን ሲወሰድም የሚያመጣው የታወቀ ጠባይ ነው። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ግን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሮጥ ያስፈልጋል። እርጉዝ ሴት ጨርሶ አትወስዳቸውም።

የእናታችን ጥፋት አልነበረም። ብልቃጡ ላይ ያለው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው፣ ስማቸውም ይለያያል። ጥፋቱ የኛ ነው። ስለ ምርጫና ስለ እስረኞች በየሳምንቱ እየደወልን ስንጠይቅ፣ ምን እንደምትውጥ አንድ ቀን አልጠየቅናትም።

ሐኪሙ ሁለቱንም አስቁሞ አምሎዲፒን አዘዘላት፤ ሳሉም በሦስተኛው ሳምንት ለቀቃት። (ሊሲኖፕሪሉን ግን አልጣለችውም። «የልጆቼ ነው» ብላ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች።) አምሎዲፒንም የራሱ ጠባይ አለው፤ ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል። ይህ ቀድሞ ካልተነገራቸው ብዙዎች ደንግጠው በራሳቸው ያቋርጡታል።

የስኳሩም ነገር እንዲሁ ነው። ሜትፎርሚን ሆድ ስለሚያውክ ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ ብቻውን ሲሆን ስኳርን ከመጠን በታች የሚያወርደው እምብዛም ነው። ግሊቤንክላማይድ ግን ሌላ ነው፤ ጠዋት ውጠውት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ እናቶች ላብ ሊያጠምቃቸው፣ ሊያንቀጠቅጣቸው፣ ራሳቸውንም ሊያስታቸው ይችላል። ከጾሙ በፊት ሐኪም ይጠየቅ። ኢንሱሊን የምትልኩ ደግሞ ተጓዡ በእጅ ሻንጣው ይያዘው፤ አንዴ በረዶ ከሠራ ተበላሽቷል፣ ቢሟሟም አያገለግልም።

እኛ አሁን ከመላካችን በፊት እንደውላለን። የልጅ ልጅ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ያነብልናል፣ ዝርዝሩን ለሐኪሟ እናሳያለን፣ ስሙንና አወሳሰዱን በአማርኛ ጽፈን ብልቃጡ ላይ እንለጥፋለን። የሦስት ወር ልከን አራተኛውን እንዳንረሳም ቀኑን ቀን መቁጠሪያ ላይ አክብበናል።