ነጭ የለበሱ እናቶች

ላይ ላዩን የሻረ ቁስል ሁሉ የዳነ ቁስል አይደለም። ውስጡ መግል ከያዘ ቆይቶ ያመረቅዛል፤ ያን ጊዜም ሕመሙ ከፊተኛው ይልቅ ይጠናል። የሥጋ ቁስል እንዲህ ከሆነ የልብ ቁስልማ እንዴት ይሆን? በደል የደረሰበት ሰው ሁለት መንገድ ብቻ ያለው ይመስለዋል፤ አንደኛው መበቀል፣ ሁለተኛው አፍኖ ዝም ማለት። በቀል ግን ቁስሉን ወደ ሌላ ሰው ያሻግረዋል እንጂ አያድነውም፤ ዝምታም መግሉን በውስጥ ይዘጋበታል። ሦስተኛ መንገድ አለ። ይኸውም ክፉውን ሥራ ፊት ለፊት እየተቃወሙ በክፉ አድራጊው ላይ እጅን አለማንሣት ነው። በዚህ መንገድ የሄዱ ሰዎች ለአገራቸው ሰላምን ሲሹ ለራሳቸውም ፈውስን እንደሚያገኙ የላይቤሪያ እናቶች ታሪክ ያስረዳናል። በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ላይቤሪያ በምዕራብ አፍሪካ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ያለች አገር ናት። በ1989 መጨረሻ የተነሣባት የእርስ በርስ ጦርነት እስከ 1996 ቆየ፤ ጥቂት ካረፈ በኋላም በ1999 እንደገና ተቀስቅሶ እስከ 2003 ዘለቀ። በዚህ ሁሉ ዘመን 250,000 ያህል ሰዎች እንዳለቁ ይገመታል። ገና ለጢም ያልደረሱ ልጆች ከእናቶቻቸው እቅፍ እየተነጠቁ ጠመንጃ ተሸከሙ። በጁላይ 1990 በዋና ከተማዋ በሞንሮቪያ ሕይወታቸውን ለማትረፍ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ከተጠጉት ሰዎች 600 ያህሉ በአንድ ሌሊት በመንግሥት ወታደሮች ተገደሉ።

ወይዘሮ ሌይማ ግቦዊ ጦርነቱ ሲጀመር የ17 ዓመት ልጅ ነበሩ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሐኪም ለመሆን ያስቡ ነበር። ጦርነቱ ይህን ተስፋ ነጠቃቸው፤ ስደትንም ቀመሱ። በትዳር መሰል ኑሯቸውም ዱላና ስድብ ገጠማቸው። በ2011 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ያን ዘመን ሳይሸሽጉ ጽፈውታል፤ ሐዘንና ቁጣ እንደ ድንጋይ ተጭኗቸው እንደ ነበረም ይናገራሉ። ከዚያ ጕድጓድ መውጣት የጀመሩት በጦርነት የተጎዱ ሰዎችን የሚያጽናና ሥራ ተምረው በ1998 ግድም በሉተራን ቤተ ክርስቲያን የፈውስና የእርቅ አገልግሎት በገቡ ጊዜ ነው።

እዚያም ከተሰጣቸው ሥራ አንዱ ቀድሞ ወታደር የነበሩትን ልጆች መርዳት ነበር። አንባቢ ይህን ያስተውል። እነዚህ ልጆች አገራቸውን ካቃጠሉት፣ ሴቶችን ካዋረዱት ሠራዊት ወገን የነበሩ ናቸው፤ ሴቲቱም በዚያው ጦርነት ወጣትነታቸው የተበላባቸው ናቸው። በልጆቹ ላይ መቈጣት ይገባቸው ነበር፤ ተቈጥተውም ነበር። ነገር ግን ከእነርሱ ጋር ተቀምጠው ሲያዳምጡ ከጨካኙ ወታደር በስተጀርባ የተሰረቀ ሕፃን እንዳለ አዩ፤ ብዙዎቹም አካላቸው የጎደለ ነበር። በዳይ የመሰላቸው ራሱ ተበዳይ ሆኖ ተገኘ። ለልጆቹ የዘረጉት እጅ ቀስ በቀስ የራሳቸውንም ልብ ያክም ጀመር።

እኔም በመምህርነት ዘመኔ ይህን የሚመስል ነገር ተመልክቻለሁ። የተጣሉ ሁለት ተማሪዎችን ጠርተህ ይቅር ተባባሉ ብለህ ጕንጭ ለጕንጭ ብታሳስማቸው በማግሥቱ ይመለሱበታል። በደሉን አውጥተው ከተነጋገሩ በኋላ አንድ ሥራ በጋራ ብትሰጣቸው ግን ጠባቸው ሳያውቁት ይሟሟል። እውነት ያልተነገረበት እርቅ ሽፋን ነው፤ ሥራ ያልተከተለው እርቅም ቶሎ ይጠወልጋል።

በ2002 ወይዘሮ ሌይማ የቤተ ክርስቲያን ሴቶችን ለሰላም ጸሎት እንዲሰበስቡ የሚነግራቸው ሕልም አዩ። ሴቶቹም ቀድሞ ደም በፈሰሰበት በዚያው በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ተሰበሰቡ። በስብሰባው መካከል ወይዘሮ አሳቱ ባህ ኬኔት የተባሉ እስላም የፖሊስ ሹም ተነሥተው፣ እርሳቸውም የእስላም ሴቶችን እንደሚያስተባብሩ ቃል ገቡ። ከክርስቲያኖቹ አንዳንዶች ቢያመነቱም፣ ጥይት ክርስቲያንን ከእስላም ለይቶ አይመታም የሚለው ነገር ሁሉንም አስማማ። ሐዘናቸው አንድ ከሆነ ልመናቸውም አንድ ሆነ።

በኤፕሪል 2003 እነዚህ ሴቶች ነጭ ለብሰው፣ ራሳቸውን በነጭ ጨርቅ አስረው፣ ጌጣቸውን ሁሉ አውልቀው በሞንሮቪያ የዓሣ ገበያ አጠገብ ባለው ሜዳ ተቀመጡ። ቦታው ፕሬዚዳንት ቻርልስ ቴይለር ወደ ቤተ መንግሥት ሲመላለሱ የሚያልፉበት ጐዳና ዳር ነው። ቁጥራቸው ወደ ሺዎች በዛ። ፀሐይ አቃጠላቸው፤ ዝናብም መታቸው፤ እነርሱ ግን ይጸልዩ፣ ይጾሙ፣ ይዘምሩ ነበር። አንዲት ጠጠር አልወረወሩም። በወንጌል ታሪኳ እንደ ተጻፈላት፣ ዳኛውን ደጋግማ በመለመን እንዳደከመችው መበለት ያለ መታከት ተመላለሱ። በኤፕሪል 23 ፕሬዚዳንቱ አስጠርተው አነጋገሯቸው፤ በኋላም የመንግሥቱም የዐማፅያኑም ወገን በጋና አገር ለመደራደር ተስማሙ።

ድርድሩ በጁን 2003 ተጀመረ፤ ሳምንታት ግን ያለ ፍሬ አለፉ። ተደራዳሪዎቹ በሆቴል ሲቀመጡ በሞንሮቪያ ሕዝቡ በመድፍ ያልቅ ነበር። በጁላይ ወር ሁለት መቶ ያህል ሴቶች በአክራ የስብሰባው አዳራሽ በር ላይ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ተቀመጡ፤ ስምምነት ሳይደረግ ማንም እንደማይወጣም አስታወቁ። ዘበኞች ወይዘሮ ሌይማን ሊያስሯቸው በመጡ ጊዜ፣ እርሳቸው ልብሳቸውን ማውለቅ ጀመሩ። በዚያ አገር ልማድ እናት በገዛ ፈቃዷ ዕርቃኗን ማሳየቷ ለሚያያት ከባድ እርግማን ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በእኛም አገር እናት መቀነቷን ፈትታ በጠበኞች መካከል ስትገባ ጦር የያዘው እጅ ይዝላል። ዘበኞቹ አፈገፈጉ፤ አሸማጋዩ የቀድሞው የናይጄሪያ መሪ ጄኔራል አብዱልሰላሚ አቡበከርም ወጥተው ሴቶቹን አነጋገሩ። ከዚያ በኋላ ድርድሩ መልኩ ተለወጠ። ቴይለር በኦገስት 11 ሥልጣናቸውን ለቀው ወደ ናይጄሪያ ሄዱ፤ በኦገስት 18 የሰላሙ ውል ተፈረመ።

በእርግጥ ሰላሙን ያመጡት ሴቶቹ ብቻ አይደሉም። የጎረቤት መንግሥታት ግፊት፣ በቴይለር ላይ የወጣው የፍርድ ቤት ክስ፣ የዐማፅያኑም ኀይል ነበረበት። ከኢትዮጵያም ጭምር የተላኩ ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ጦር ውስጥ አገልግለዋል። መሣሪያ ለማስረከብም ከ100,000 በላይ ሰዎች ተመዘገቡ። ሆኖም ሴቶቹ ያደረጉትን ጦር ሊያደርገው አይችልም ነበር፤ የፈራው ሕዝብ ፍርሃቱን አውልቆ በአደባባይ እንዲቆም አስተማሩት። ወይዘሮ ሌይማም በ2011 ከሁለት ሴቶች ጋር የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተቀበሉ።

ይሁን እንጂ ፈውስ የአንድ ቀን ሥራ እንዳይመስለን። ሴቲቱ ከዚያ ሁሉ ድል በኋላም ከመጠጥ ጋር መታገላቸውን ራሳቸው መስክረዋል። ሰላምን የሚሻ ሰው የራሱ ቁስል ሙሉ በሙሉ እስኪድን የሚጠብቅ ከሆነ መቼም አይጀምርም፤ እያነከሰም ቢሆን የሄደ ግን መንገዱ ያበረታዋል።

ክቡራን አንባብያን፣ ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ ቢሆንም ጥያቄው በየቤታችን ደጃፍ የቆመ ነው። በርስት የተካሰሱ ወንድማማች፣ በክፉ ቃል የተለያዩ ጎረቤታሞች፣ ደም የተቃቡ ቤተ ሰቦች ከመካከላችን አልጠፉም። የቂምን ወሬ በልጆቻችን ፊት ከማውራት እንጀምር መቆጠብን፤ ነገ ጠመንጃ የሚያነሣው ልጅ ዛሬ ከምድጃ ዳር ተቀምጦ የሚያዳምጠው ነውና። ቀጥሎም የተበደልነውን በግልጽ እንናገር፤ የበዳያችንንም ቃል እንስማ። የላይቤሪያ እናቶች በፀሐይና በዝናብ ተቀምጠው አገር ያስታረቁ ከሆነ፣ እኛ የጎረቤታችንን ደጃፍ ለማንኳኳት የሚከለክለን ምንድን ነው?