ውበትም መርዝም የያዘች የጓሮ አበባ



በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች የደጋና የወይና ደጋ ከተሞቻችን ስንዘዋወር፣ ከግቢ አጥር በላይ ብቅ ብለው፣ አፋቸውን ወደ መሬት ደፍተው የተንጠለጠሉ መለከት መሰል ረጃጅም አበቦችን ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ቀን ቀን ብዙም አይሸቱም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ግን መዓዛቸው ይነሳል። መግሪብ ሰግደው የሚመለሱ ሰዎች ቆም ብለው «ይህ ሽታ ከየት ነው የሚመጣው?» እስኪሉ ድረስ መንደሩን ያውዱታል። ይህች ተክል ብሩግማንሲያ ትባላለች።

ይህን ጽሑፍ የምናቀርብላችሁ ባልና ሚስት ነን። ስለ አትክልት ምንም ሳናውቅ አንዲት ቅርንጫፍ ከጎረቤት ተቀብለን ተከልን፤ በቀለችልን፣ አበበችልን፣ ቤታችንንም አስዋበችልን። በኋላ ደግሞ ክፉኛ አስደነገጠችን። የተማርነውን ሁለቱንም ወገን፣ አተካከሏንም አደጋዋንም፣ ሳንደብቅ ልናካፍላችሁ ወደድን። ምክንያቱም ስለ ውበቷ የሚነግር ሰው ብዙ ሲሆን፣ ስለ ጠባይዋ የሚያስጠነቅቅ ግን ጥቂት ሆኖ አግኝተነዋል።

ከወዴት መጣች?

የብሩግማንሲያ የትውልድ አገር ደቡብ አሜሪካ ነው። አብዛኞቹ ዝርያዎቿ የአንዲስ ተራሮች ተወላጆች ናቸው፤ አንዷ ደግሞ የደቡብ ምሥራቅ ብራዚል ናት። ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ያወቃትን ዝርያ ከአስተናግር ወገን መድቧት ነበር። በ1805 እ.ኤ.አ. ክርስቲያን ሄንድሪክ ፐርሱን የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ ለብቻዋ ስም ሰጣት፤ ስሙንም የወሰደው በሆላንድ የላይደን ዩኒቨርሲቲ መምህር ከነበሩት ከሴባልድ ዩስቲኑስ ብሩግማንስ (1763–1819) ነው።

የሚያስገርመው ነገር ደግሞ አለ። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የብሩግማንሲያን ዝርያዎች በቀይ መዝገቡ ላይ «ከዱር የጠፉ» ብሎ አስፍሯቸዋል። እንግዲህ ይህች ተክል እስከ ዛሬ የቆየችው በሰው እጅ ነው ማለት ነው፤ አንዱ ቆርጦ ለሌላው እየሰጠ፣ ሌላውም እየተከለ። እኛም ያገኘናት በዚሁ መንገድ ነው።

በቤተሰብ ደረጃ የድንች፣ የቲማቲም፣ የበርበሬና የትምባሆ ዘመድ ናት። የቅርብ ዘመዷ ግን በየመንገዱ ዳርና በየቆሻሻ መጣያው የሚበቅለው አስተናግር ነው። ሁለቱን መለየት አይከብድም። የአስተናግር አበባ ወደ ላይ ይቆማል፤ ፍሬውም እሾሃም ነው። የብሩግማንሲያ አበባ ግን ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ፍሬዋ እሾህ የለውም፤ ግንዷም እንጨት ሆኖ እንደ ትንሽ ዛፍ ያድጋል። ቀለሟ ነጭ፣ ቢጫ፣ ሮዝ ወይም ብርቱካናማ ሊሆን ይችላል። ማታ ማታ የምትሸተውም በከንቱ አይደለም። በትውልድ አገሯ በጨለማ የሚበሩ ትልልቅ የእሳት ራቶች መዓዛዋን ተከትለው እየመጡ ያዳቅሏታልና ነው።

እንዴት ትተከላለች?

ለጀማሪ ከዘር ይልቅ ከቅርንጫፍ መትከል ይቀላል። የአውራ ጣት ያህል ውፍረት ካለው፣ አረንጓዴነቱን ለቆ ቡናማ መሆን ከጀመረ ቅርንጫፍ ላይ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ይወሰዳል። ከጫፉ ሁለት ትንንሽ ቅጠሎች ብቻ ቀርተው ሌሎቹ ይነሳሉ፤ ቅጠል በበዛ ቁጥር ሥር ሳያወጣ ውኃው ያልቅበታልና። ከዚያም የታችኛው ጫፍ በውኃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ይቀመጣል፤ ወይም አሸዋ በተቀላቀለበት እርጥብ አፈር ውስጥ ይተከላል። በውኃ ከሆነ ውኃውን በየሁለትና በየሦስት ቀኑ መለወጥ ያስፈልጋል። ቦታው ሙቀት ያለበት፣ ብርሃን የሚያገኝ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ ግን የማያርፍበት ይሁን። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነጫጭ ሥሮች ብቅ ይላሉ። ብርጭቆው ተለይቶ የተቀመጠና ከዚያ በኋላ ሰው የማይጠጣበት መሆን እንዳለበት ግን አደራ እንላለን።

አንድ ጠቃሚ ምሥጢር አለ። ተክሏ መጀመሪያ ቀጥ ብላ ታድግና ከጊዜ በኋላ ለሁለት ተከፍላ ባላ ትሠራለች። አበባ የምትሰጠው ከባላው በላይ ነው። ቁራጩ ከባላው በላይ የተወሰደ እንደሆነ ቶሎ ያብባል፤ ቁመቱም አጠር ይላል። ከባላው በታች የተወሰደ እንደሆነ ግን ረጅም ግንድ አውጥቶ እንደገና ባላ እስኪሠራ መጠበቅ ያስፈልጋል። ስንገርዝም ይህንኑ ማስታወስ ነው፤ ከባላው በታች የቆረጠ ሰው አበባውን በብዙ ወራት አዘገየ ማለት ነው። እኛ ይህን ባለማወቃችን አንዱን ዓመት ያለ አበባ አሳልፈናል።

አፈሩ ለም ሆኖ ውኃ የማይቋጥር ይሁን። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ብስባሽ ከአፈሩ ጋር ቢደባለቅ ትወዳለች፤ ትኩስ ፍግ ግን ሥሯን ያቃጥላል። በምድር ላይ ቦታ የሌለው ሰው ከሥሩ በተበሳ ትልቅ የቀለም ባልዲ ወይም በርሜል ሊተክላት ይችላል። ማሰሮው ከ20 ሊትር ባያንስ ይመረጣል፤ በጠበበ ቦታ ውስጥ አበባዋ ያንሳልና።

እንክብካቤዋ

ብሩግማንሲያ ውኃና ምግብ የምትወድ ተክል ናት። በበጋ በባልዲ ያለችው በየቀኑ ውኃ ትሻለች። ቅጠሎቿ ሰፋፊ ስለሆኑ እኩለ ቀን ላይ ጠውልገው ሊታዩ ይችላሉ። ይህን አይቶ ወዲያው ውኃ ማፍሰስ አይገባም፤ በመጀመሪያ ጣትን አፈር ውስጥ ሰዶ ማየት ነው። አፈሩ እርጥብ ከሆነ ከሙቀቱ የተነሳ ነውና ወደ ማታ ትቃናለች። ሁልጊዜ በውኃ የተዘፈቀ ሥር ይበሰብሳል፤ ስለዚህ በክረምት ባልዲው ውኃ እንዳይቋጥር መጠበቅ ያስፈልጋል።

የጠዋት ፀሐይና የከሰዓት ጥላ ይስማማታል። ቅርንጫፎቿ ተሰባሪ ስለሆኑ ነፋስ የማይበረታበት ቦታ ይመረጥላት። ውርጭ ቅጠሏን ያጠቁረዋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ በሚበርድባቸው ከፍተኛ ቦታዎች ከግድግዳ አጠገብ ብትሆን ይሻላታል። ውርጭ ቢመታት እንኳ ግንዷ ካልሞተ ከሥሯ ታቆጠቁጣለች። ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብና ጥቃቅን ቀይ ሸረሪቶች ይወዷታል፤ የቅጠሏን ጀርባ በየጊዜው ማየትና በሳሙና ውኃ ማጠብ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። አበባዋ ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ሳይሆን በየወቅቱ እየገነፈለ ይመጣልና፣ አንዱ ዙር ሲረግፍ ደረቀች ብሎ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም።

ያ የቅዳሜ ቀን

እስከዚህ ድረስ ደስታችን ሙሉ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን ከሁለታችን ባልየው ቅርንጫፎቿን ሲገርዝ ዋለ። ላቡን በእጁ ጠረገ፤ ዓይኑንም አሸት አደረገ። ዙሁር ከሰገደ በኋላ ቁርኣን ከፍቶ ሲያነብ ፊደሎቹ በአንድ ዓይኑ ተደበላለቁበት። በመስተዋት ስንመለከት የአንደኛው ዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ጥቁር ጉድጓድ መስሏል፤ ሌላኛው ግን እንደ ወትሮው ነው።

በድንጋጤ ወደ ሆስፒታል ሮጥን። ሐኪሙ ፊቱ ተለወጠ። «ራስህን ተመትተሃል? ያስታውክሃል? ኃይለኛ ራስ ምታት አለህ?» እያለ ጠየቀ። የአንድ ዓይን ብሌን እንዲህ ሲሰፋ ጭንቅላት ውስጥ ደም መፍሰስ ወይም እብጠት ሊኖር እንደሚችል ነገረንና ለራስ ምርመራ ወረቀት መጻፍ ጀመረ። ያን ጊዜ የተሰማንን በቃላት መግለጽ ይከብደናል። ሁለታችንም አንድ ቃል አልተነፈስንም፤ በልባችን ግን ዱዓ እናደርግ ነበር።

ሐኪሙ ብዕሩን እንደያዘ «ዛሬ ጠዋት ምን ስትሠራ ነበር?» ሲል ጠየቀ። «አበባ ስገርዝ» አለ ባልየው። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «እንዴት ያለ አበባ ነው?» ስለ መለከቶቹ ነገርነው። እርሱም ተንፈስ ብሎ፣ በዚህች ተክል ጭማቂ ውስጥ ስኮፖላሚንና አትሮፒን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች እንዳሉ አስረዳን። አትሮፒን የዓይን ሐኪሞች ብሌን ለማስፋት የሚጨምሩት ጠብታ ነው፤ በፀረ ተባይ መድኃኒት የተመረዘ ሰውንም በሆስፒታል ለማዳን ያገለግላል። ልኩን በሚያውቅ ሐኪም እጅ መድኃኒት የሆነው ነገር በማያውቅ እጅ መርዝ ነው። ሌላ ምልክት እንደሌለ አረጋግጦ፣ ዓይኑን በብዙ ውኃ አጥቦ አሰናበተን። ብሌኑ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ አልሐምዱሊላህ።

ከበር ስንወጣ ግን ሐኪሙ የጠየቀን ጥያቄ እስከ ዛሬ ይሰማናል። «ቤት ውስጥ ልጅ አላችሁ?»

ልጃችንስ?

የሁለት ዓመት ሴት ልጅ አለችን። የረገፉትን መለከቶች እየለቀመች በራሷ ላይ እንደ ባርኔጣ ስትደፋ፣ በአፏም ልትነፋ ስትሞክር አይተን ስንስቅ ከርመናል። ቤት ደርሰን ያንን ስናስታውስ ጉልበታችን ራደ።

ወላጆች ሊያውቁት የሚገባው እውነት ይህ ነው። የብሩግማንሲያ ቅጠል፣ አበባ፣ ዘር፣ ግንድና ሥር ሁሉም መርዛማ ነው። የበላው ሰው አፉ ይደርቃል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ያተኩሰዋል፣ ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ የሁለቱም ዓይኖቹ ብሌን ይሰፋል፤ ከዚያም ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ የቤተሰቡን ሰው እንኳ ላያውቅ ይችላል። የአስተናግር ስም ራሱ ይህን ይነግረናል፤ የበላውን ያለ ልቡ የሚያናግር ማለት አይደል? ሕክምና ካላገኘ እስከ ሞት ያደርሳል። ፍየልና ላም፣ ውሻም ቢሆኑ አይተርፉም። በአንዳንድ አገሮች ወጣቶች ለስካር ብለው ጠጥተውት ራሳቸውን ስተው የተጎዱና የሞቱ እንዳሉ በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግቧል። ወጣት አንባቢዎቻችን ሆይ፣ ይህ አእምሮን አሳልፎ መስጠት ነው፤ ጓደኛ ቢያማልላችሁም አትሞክሩት።

አንድ ሰው ቀምሶ ከተገኘ በአፉ የቀረውን ማውጣት፣ አፉን ማጠብና ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው። እንዲያስታውክ ማስገደድ ወይም በቤት መድኃኒት ጊዜ ማጥፋት አይገባም። የተክሏን ቅንጣቢ ይዞ መሄድም ሐኪሙን ከብዙ ፍለጋ ያድነዋል። ተክሏን የሚገርዝ ሰው ደግሞ ጓንት ያጥልቅ፣ ዓይኑን አይንካ፣ እጁንና መቀሱን በሳሙና ይጠብ። የተገረዘውን ለማገዶ ማዋልም ሆነ ከብት በሚደርስበት ቦታ መጣል ክልክል ነው፤ ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር ይሻላል።

የደረስንበት ውሳኔ

በዚያው ምሽት ተከራከርን። አንዳችን «አሁኑኑ ትነቀል» ስንል፣ ሌላችን «ስንት ዓመት የደከምንባትን?» አልን። በማግሥቱ ቅርንጫፏን የሰጡን ጎረቤታችን ዘንድ ሄድን። ሐጂያ ነገሩን ሰምተው ለጊዜው ዝም አሉ። ከዚያም «ልጆቼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «እኔ ስድስት ልጅ አሳድጌባታለሁ። ሱብሒ ሰግጄ የረገፈውን ሁሉ ልጆቹ ሳይነሱ እጠርግ ነበር። ከሥሯም ልጅ አላስቀምጥም። ይህን ሁሉ ሳልነግራችሁ ቅርንጫፉን ብቻ ሰጠኋችሁ።»

«ሐጂያ፣ እርስዎ ምን አጠፉ? እኛም አልጠየቅንም» አልናቸው። እርሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «የሚሰጥ ሰው ነው መናገር ያለበት። ዕቃ ሲሰጥ እንኳ የተሰነጠቀው ይነገራል» አሉን።

ይህ ንግግራቸው ለእኛ ትልቅ ትምህርት ሆነን። ትንሽ ልጅ በሌለበት ቤት፣ ወይም ልጅ በማይደርስበት በተከለለ ቦታ ብሩግማንሲያን መትከል የሚከለክል ነገር አላየንም። ሆኖም ለጎረቤት ቅርንጫፍ የሚሰጥ ሰው ማስጠንቀቂያውንም አብሮ ይስጥ። ለጎረቤት የምናስበው የጓሮ አበባችንን ብቻ አካፍለን መሆን የለበትም።

እኛ ግን ከበራችን አጠገብ የነበረችውን ነቀልናት። ልጃችን «አይነካም» ስትባል ሰምታ የምትተው ዕድሜ ላይ አልደረሰችምና፣ አደራችን እርሷ ናት። በቦታዋ ጽጌረዳና ሮዝመሪ ተከልን። ስንነቅላት እጃችን ከብዶን እንደነበር አንደብቅም።

ነገር ግን የሐጂያ ተክል በአጥሩ ማዶ አሁንም አለች። ምሽት ላይ አዛን ሲሰማና ነፋሱ ወደ እኛ ሲመለስ መዓዛው አጥሩን ተሻግሮ ይመጣል። ልጃችን አፍንጫዋን ከፍ አድርጋ «የሐጂያ አበባ!» ትላለች። ስታድግ፣ ኢንሻአላህ፣ ቅርንጫፍ ቆርጠን ከእርሷ ጋር እንተክላለን፤ መጀመሪያ ግን ሁሉንም እንነግራታለን።