የነፃው ቀጣና በር ለከተማው ልጅም ይከፈት

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ስለ ድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጣና የሚሰማኝን ለአንባቢያን እገልጽ ዘንድ ከጋዜጣዎ ጥቂት ስፍራ እንዲፈቅዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ በአዲስ አበባ የመንግሥት ሠራተኛ ስሆን የተወለድሁት በድሬዳዋ ነው። አባቴ በሼሚንደፈር ጋራዥ የቶርኖ ሠራተኛ ነበር። ከተማችንን በ1895 ዓ.ም. የወለዳት ባቡር ነውና፥ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አሮጌ ባቡር በቀረ ጊዜ የብዙ ቤት ምድጃ ቀዘቀዘ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ስለ ሆነ፥ የባቡር ፉጨት ወደ ለገሀር አልተመለሰም።

ስለዚህ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአገራችን የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጣና በድሬዳዋ ሲከፈት ደስታዬ ታላቅ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የልዩ ኢኮኖሚ ዞን አዋጅ ቁጥር 1322 ወጣ። ነገር ግን ባለፈው ጥምቀት ዘመድ ልጠይቅ ወርጄ ሳለ፥ እንደ አያቱ ቶርኖ የተማረው የወንድሜ ልጅ «ጋሼ፥ አጥሩን በየቀኑ አየዋለሁ፤ በሩን ግን አላውቀውም» አለኝ። ንግግሩ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

የቀረጥ ምሕረት ነጋዴን ይጠራል፤ ከተማን ግን ብቻውን አያነሣም። በአየርላንድ አገር የሻነን አውሮፕላን ማረፊያ፥ አትላንቲክን የሚሻገሩ አውሮፕላኖች ነዳጅ ለመቅዳት ማረፋቸው ሊቀር ነው ተብሎ በተፈራ ጊዜ፥ በ1959 እ.ኤ.አ. ነፃ የኢንዱስትሪ ቀጣና ተቋቋመለት። የአገሩ ሰዎች ቀረጥ በመማር ብቻ አላበቁም፤ ለሠራተኛው መኖሪያ የሚሆን አዲስ ከተማ በአጠገቡ ሠሩ። በእኛ ዘንድ ግን በ2014 ዓ.ም. ከአሜሪካ የአጎዋ ገበያ በወጣን ጊዜ፥ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ሠራተኞች ከእንጀራቸው ተፈናቀሉ። ከውጭ የመጣ ምሕረት በውጭ ሰው ፈቃድ ይወሰዳል፤ ከከተማው ጋር የተሳሰረ ሥራ ግን በቀላሉ አይነቀልም።

እንግዲህ የሚመለከታቸው ባለሥልጣኖች፥ ወደ ቀጣናው የሚገባ ኩባንያ ሁሉ ጥገናውን፥ ማሸጊያውንና የሠራተኛውን ምግብ ከከተማው እንዲገዛ፥ ለወጣቶችም የሙያ መለማመጃ ስፍራ እንዲሰጥ ቢያደርጉ መልካም ነው። እኛም ፋይል የምናገላብጥ ሠራተኞች፥ የአንዱን ትንሽ ጋራዥ ማመልከቻ ከትልቁ ባለሀብት ማመልከቻ እኩል ብናስተናግድ የድርሻችንን እንወጣለን።

አጥሩ ቀረጥን ይለይ፤ ሰውን ከእንጀራው አይለይ።

ከአክብሮት ጋር፥
አንድ የድሬዳዋ ተወላጅ
ከአዲስ አበባ