ጥሎ ማለፍ ለወላይታ ድቻ የአፍሪካን መድረክ ከፈተ

የእግር ኳስ ክለቦች በአንድ የውድድር ዘመን በሊግና በጥሎ ማለፍ ይሳተፋሉ። በሊጉ ክለቦች እርስ በርስ ሁለት ጊዜ ተጋጥመው ነጥብ ይሰበስባሉ፤ በጥሎ ማለፍ ግን የተሸነፈው ወዲያውኑ ይሰናበታል። የሊጉ ሻምፒዮን በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ፣ የጥሎ ማለፉ አሸናፊ ደግሞ በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ አገሩን ይወክላል።

በ2009 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲወስድ፣ ወላይታ ድቻ የጥሎ ማለፉን ዋንጫ አነሣ። በዚሁ መብት በ2010 ዓ.ም. የዛንዚባሩን ዚማሞቶ ካሰናበተ በኋላ አምስት ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን ከሆነው የግብፁ ዛማሌክ ጋር ተገናኘ። በሐዋሳ 2 ለ 1 አሸንፎ፣ በግብፅ በተመሳሳይ ውጤት ተሸንፎ፣ በመለያ ምት 4 ለ 3 አለፈ። ጉዞው የተገታው በታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ በድምር ውጤት 2 ለ 1 ተሸንፎ ነው።

ክለቡ ዛማሌክን ያስተናገደው በመቀመጫው በሶዶ ሳይሆን በሐዋሳ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። አህጉራዊ ጨዋታ የሚካሄደው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ባጸደቀው ሜዳ ብቻ ነው። ስለሆነም እንደ ማንቡክ ባሉ ከማዕከል በራቁ ከተሞች ስፖርትን የሚመሩ አካላት ለቡድን ምሥረታ በጀት ሲይዙ ለሜዳ ዝግጅትም ሊያስቡ ይገባል።