የአነስተኛ የጨው ውሃ አኳሪየም ዓሦች

የአነስተኛ የጨው ውሃ አኳሪየም ዓሦች የሚባሉት፣ ከ100 ሊትር የማይበልጥ፣ በባሕር መሰል ጨዋማ ውሃ የተሞላ የቤት ውስጥ የመስተዋት ገንዳ ውስጥ ጤንነታቸው ተጠብቆ ዕድሜያቸውን ሊኖሩ የሚችሉ ትናንሽ የባሕር ዓሦች ናቸው። ከብዙ ሺህ የባሕር ዓሣ ዝርያዎች መካከል ለእንዲህ ዓይነት ገንዳ የሚስማሙት ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹ በጣም ያድጋሉ፣ ሰፊ የመዋኛ ቦታ ይሻሉ፣ ከሌላ ዓሣ ጋር ይጣላሉ፣ ወይም የሚበሉት ምግብ በቤት ውስጥ አይገኝም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ እንዳለችው የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ቆሰበር (እንጅባራ) ባሉ ቀዝቃዛ ደጋዎች ደግሞ ምርጫው ይበልጥ ይጠባል። ምክንያቱም ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን አነስተኛ ነው፤ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ዓሣውም ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው የሚደርሰው።

የትንሽ ገንዳ ችግር

በባሕር ውስጥ የሙቀትና የጨው መጠን ከቀን ወደ ቀን ብዙም ስለማይለዋወጥ የባሕር ዓሦች ድንገተኛ ለውጥን መቋቋም አይችሉም። ገንዳው ባነሰ ቁጥር ለውጡ ይፈጥናል። ስለዚህ ብዙዎች እንደሚገምቱት ትንሽ ገንዳ ለጀማሪ ቀላል አይደለም፤ ከትልቁ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ጨው። አንድ ኪሎግራም የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል። ቀይ ባሕር ትነቱ ብዙ፣ ዝናቡ ጥቂት፣ ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝም ስለሌለው ከዚህ የበለጠ ጨዋማ ነው። ከገንዳ የሚተንነው ውሃው ብቻ ሲሆን ጨው ወደ ኋላ ይቀራል። ለምሳሌ 40 ሊትር ከሚይዝ ገንዳ 2 ሊትር ቢተን፣ የጨው መጠኑ ከ35 ወደ 37 ገደማ ይወጣል። ስለዚህ የተነነው ውሃ የሚተካው ጨው በሌለበት ንጹሕ ውሃ ነው። የጨው ውሃ የሚጨመረው የቆሸሸው ውሃ ተቀድቶ ሲለወጥ ብቻ ነው።

የገበታ ጨው ለዚህ አገልግሎት አይሆንም። ከአፋር የሚመጣው የአፍዴራ ጨውም ሆነ አሞሌ በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። የባሕር ውሃ ግን ከዚህ ሌላ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ካርቦኔት ይዟል። ለአኳሪየም ተብሎ የሚዘጋጀው የጨው ቅልቅል እነዚህን ሁሉ ያካትታል። ለ60 ሊትር ውሃ ከ2 ኪሎግራም ትንሽ የሚበልጥ ቅልቅል ያስፈልጋል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለበት ከመቀላቀሉ በፊት ክሎሪኑ መወገድ አለበት።

አሞኒያ። ዓሣ በስንጥቡና በቆሻሻው በኩል አሞኒያ ያስወጣል። አሞኒያ በጥቂት መጠን እንኳ ይገድላል። በድንጋዩና በማጣሪያው ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በበቂ ሁኔታ እስኪራቡ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በአዲስ ገንዳ ውስጥ የሚደርሰው የዓሣ ሞት ትልቁ ምክንያት ይህን ጊዜ አለመጠበቅ ነው። የመጀመሪያው ዓሣ የሚገባው በመመርመሪያ ሲለካ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ከሆኑ በኋላ ነው።

የመምረጫ መመዘኛዎች

1. ሙሉ ዕድሜው ላይ የሚደርስበት መጠን። በመሸጫ ቦታ የሚታየው አብዛኛው ዓሣ ጫጩት ነው። መታየት ያለበት የዛሬው ርዝመቱ ሳይሆን ሲያድግ የሚደርስበት ነው። ለአነስተኛ ገንዳ ከ10 ሴንቲሜትር በታች የሚቀሩ ዝርያዎች ይመረጣሉ።

2. የተገኘበት ቦታ። በእርባታ የተፈለፈለ ዓሣ ከባሕር ከተያዘው ይሻላል። የተዘጋጀ ምግብ መብላትና በገንዳ መኖር ለምዷል። በፊሊፒንስና በኢንዶኔዥያ አንዳንድ አጥማጆች ዓሣን ለማደንዘዝ ሶዲየም ሳያናይድ ሲጠቀሙ ኖረዋል። እንዲህ የተያዘ ዓሣ ሲገዛ ጤነኛ መስሎ ከቆየ በኋላ ሊሞት ይችላል። መርዙ ኮራሉንም ይገድላል።

3. ምግብ። ገዢው ከመክፈሉ በፊት ዓሣው ሲበላ ማየት አለበት። ምግብ የማይነካ፣ በፍጥነት የሚተነፍስ፣ ክንፉን የሚሰበስብ፣ ሰውነቱን በድንጋይ የሚያሽ ወይም ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ዓሣ አይገዛም።

4. ጠባይ። አንዳንድ ዝርያዎች ክልላቸውን ይከልላሉ። በባሕር ውስጥ የተሸነፈው ዓሣ ሸሽቶ ያመልጣል፤ በ60 ሊትር ውስጥ ግን መሸሻ የለም። ስለዚህ መልካቸው ወይም አኗኗራቸው የሚመሳሰል ሁለት ዝርያዎችን ማቀላቀል አይመከርም።

5. የአገባብ ቅደም ተከተል። ዓይናፋሩ ዓሣ መጀመሪያ፣ ኃይለኛው መጨረሻ ይገባል። በሁለቱ መካከል ቢያንስ ጥቂት ሳምንታት መቆየት አለባቸው፤ ባክቴሪያው ከተጨመረው ቆሻሻ ጋር የሚመጣጠነው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው።

ተስማሚ ዝርያዎች

ክላውንፊሽ (አምፊፕሪዮን ኦሴላሪስ)። ብርቱካናማ ሰውነት ላይ ሦስት ነጭ መቀነት ያለው ዓሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው «ፋይንዲንግ ኒሞ» በተባለው የካርቱን ፊልም በመላው ዓለም ታውቋል። በእርባታ በብዛት ይገኛል፤ ጠንካራም ነው። ክላውንፊሾች ሁሉ ወንድ ሆነው ያድጋሉ፤ ከጥንዶቹ ትልቋና የበላይዋ ሴት ትሆናለች። ሴቷ ብትሞት ወንዱ ወደ ሴትነት ይለወጣል። በባሕር ውስጥ አኒሞኒ በሚባለው ተናዳፊ እንስሳ መካከል ይኖራል። በገንዳ ግን ያለ አኒሞኒ መኖር ይችላል። አኒሞኒ ለአነስተኛና ለአዲስ ገንዳ አስቸጋሪ ስለሆነ ባይገባ ይሻላል።

ቢጫ ጎቢ (ጎቢዮዶን ኦኪናዌ)። ከ4 ሴንቲሜትር የማያልፍ ቢጫ ዓሣ ነው። ብዙ አይዋኝም፤ ድንጋይ ወይም ኮራል ላይ ተቀምጦ ይውላል። ከ40 ሊትር በታች ለሆነ ገንዳ ከሚስማሙት ጥቂት ዓሦች አንዱ ነው።

ባንጋይ ካርዲናል (ፕቴራፖጎን ካውደርኒ)። ብርማ ሰውነትና ጥቁር መስመሮች ያሉት፣ 8 ሴንቲሜትር ገደማ የሚደርስ ዓሣ ነው። የተፈጥሮ መኖሪያው የኢንዶኔዥያ ባንጋይ ደሴቶች ናቸው። ወንዱ እንቁላሉን በአፉ ይዞ ይፈለፍላል። በኢትዮጵያ ሐይቆች የሚገኘው ቆሮሶም እንቁላሉን በአፉ ይይዛል፤ በቆሮሶ ግን ይህን የምትሠራው እናት ናት። ባንጋይ ካርዲናል ለአኳሪየም ንግድ ከመጠን በላይ በመያዙ እ.ኤ.አ. በ2007 ለመጥፋት ከተጋለጡ ዝርያዎች ተመድቧል። ስለዚህ በእርባታ የተገኘው ብቻ ሊገዛ ይገባል።

ሮያል ግራማ (ግራማ ሎሬቶ)። የካሪቢያን ዓሣ ሲሆን ፊቱ ሐምራዊ፣ ጅራቱ ቢጫ ነው። 8 ሴንቲሜትር ይደርሳል። መደበቂያ ዋሻ ይወዳል። በአንድ ገንዳ አንድ ብቻ ይበቃል።

ፍሪድማኒ (ፕሴውዶክሮሚስ ፍሪድማኒ)። ሙሉ በሙሉ ሐምራዊ የሆነ የቀይ ባሕር ዓሣ ነው። በሳይንስ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። 7 ሴንቲሜትር ገደማ ይደርሳል፤ በእርባታም ይገኛል። ከሮያል ግራማ ጋር ስለሚቀናቀን ከሁለቱ አንዱ ይመረጣል።

ፋየርፊሽ (ኔማቴሌዎትሪስ ማግኒፊካ)። ነጭ ሆኖ ወደ ጅራቱ የሚቀላ ዓይናፋር ዓሣ ነው። ሲደነግጥ ከውሃ ዘልሎ ይወጣል። ስለዚህ ገንዳው በጥሩ መረብ መከደን አለበት።

የማይስማሙ ዝርያዎች

በዚያው ፊልም የታወቀው ሰማያዊ ታንግ 30 ሴንቲሜትር ስለሚደርስና ቀኑን ሙሉ ስለሚዋኝ ለአነስተኛ ገንዳ ፈጽሞ አይሆንም። አንበሳ ዓሣ (ላየንፊሽ) ትልቅ ከመሆኑ ሌላ እሾሁ መርዛማ ነው፤ ወደ አፉ የሚገባውን ዓሣ ሁሉ ይውጣል። ማንዳሪን የሚባለው ባለ ብዙ ቀለም ዓሣ ትንሽ ቢሆንም፣ በአብዛኛው በድንጋይ መካከል የሚገኙ ጥቃቅን ሕያዋን እንስሳትን ብቻ ስለሚበላ በትንሽ ገንዳ በረሃብ ይሞታል። ዴምሰል የሚባሉት ዓሦች ርካሽና ጠንካራ በመሆናቸው ለጀማሪ ይቀርባሉ። ብዙዎቹ ሲያድጉ ግን ሌላውን ዓሣ ስለሚያሳድዱ ገንዳውን ብቻቸውን ይወርሳሉ።

የቀይ ባሕር ክላውንፊሽ (አምፊፕሪዮን ባይሲንክተስ) ከኦሴላሪስ የበለጠ ያድጋል፤ ኃይለኛም ስለሆነ ለአነስተኛ ገንዳ አይመከርም። ይህን ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1830 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ሩፔል በ1830ዎቹ ወደ ኢትዮጵያ ተጉዞ የጣና ሐይቅን አንዳንድ ዓሦችም ገልጿል።

በደጋ አካባቢ የሚያስፈልግ ጥንቃቄ

ኦክስጅን። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም አብሮ ይቀንሳል። በቆሰበር የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሊትር የባሕር ውሃ በባሕር ዳርቻ ቢበዛ 6.7 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። በቆሰበር ከፍታ ይህ ወደ 5 ሚሊግራም ይወርዳል። ስለዚህ ለባሕር ዳርቻ አገሮች የተጻፈ የዓሣ ብዛት መመሪያ በደጋ እንዳለ መወሰድ የለበትም። በዚያ ለ60 ሊትር ሦስት ትናንሽ ዓሣ ቢባል፣ እዚህ ሁለት ማድረጉ ይመረጣል። የውሃውን ገጽ የሚያናውጥ ፓምፕም ሌሊትና ቀን መሥራት አለበት።

ሙቀት። ለእነዚህ ዓሦች ውሃው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ መሆን ይገባዋል። በደጋ ቤት ውስጥ ይህ ያለ ኤሌክትሪክ ማሞቂያ አይገኝም። መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ማሞቂያውም አብረው ይቆማሉ፤ ትንሽ ገንዳ ደግሞ ቶሎ ይቀዘቅዛል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከዓሣው በፊት የሚገዛ ዕቃ ነው። ገንዳውን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ መጠቅለል ሙቀቱን ለተወሰኑ ሰዓታት ያቆያል፤ ከላይ ግን አየር ማስገቢያ ይተዋል። መብራት እስኪመጣ ዓሦቹን አለመመገብ ይሻላል። ክፍሉን ዘግቶ በከሰል ማሞቅ አይገባም። ጭሱ ለሰው ሕይወት አደገኛ ከመሆኑም በላይ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የውሃውን የአሲድነት መጠን ይጨምራል።

ጉዞ። ከአዲስ አበባ ቆሰበር ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል ወደ ሞቃታማው የዓባይ በረሃ ወርዶ እንደገና ወደ ደጋ ይወጣል። ዓሣው ኦክስጅን በተሞላ ድርብ ፕላስቲክ ከረጢት ሆኖ ሙቀት በማያስተላልፍ የፎም ሣጥን ውስጥ መቀመጥ አለበት። በረጅም ጉዞ በከረጢቱ ውስጥ አሞኒያ ይጠራቀማል። ነገር ግን ዓሣው የተነፈሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃውን ስለሚያሳስብ (አሲድ ስለሚያደርገው) መርዝነቱ ዝቅ ብሎ ይቆያል። ከረጢቱ ሲከፈት ጋዙ ይወጣና አሞኒያው በድንገት መርዛማ ይሆናል። ስለሆነም ከረጢቱ ሳይከፈት 20 ደቂቃ ያህል ገንዳው ላይ ተንሳፎ ሙቀቱ ይስተካከላል። ሲከፈት ግን ዓሣው ሳይዘገይ፣ የጨው መጠኑ ከከረጢቱ ጋር ወደተስተካከለ ንጹሕ የማቆያ ገንዳ ይዛወራል። የከረጢቱ ውሃ ወደ ገንዳው አይደፋም። አዲስ ዓሣ በማቆያው 4 ሳምንት ያህል ቢቆይ ነጭ ነጠብጣብ የሚባለውን በሽታ ወደ ዋናው ገንዳ ከማስገባት ያድናል።

ከገንዳ የተቀዳው አሮጌ ውሃ ጨዋማ ስለሆነ በችግኝ ወይም በድንች ማሳ ላይ አይደፋም።

የኢትዮጵያ የጨው ውሃ ዓሦች

ኢትዮጵያ ኤርትራ ነፃ አገር ከሆነችበት እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የባሕር ዳርቻ የላትም። ይሁንና በጨው ውሃ የሚኖሩ የራሷ ዓሦች አሏት። በአፋር ክልል፣ ከባሕር ጠለል በታች በሚገኘው ጨዋማው የአፍዴራ ሐይቅ ሁለት ትናንሽ ብርቅዬ ዝርያዎች ይኖራሉ። ዳናኪሊያ ፍራንኬቲ እ.ኤ.አ. በ1931 የተገለጸ የቆሮሶ ዘመድ ነው። ሁለተኛውን፣ አፋኒዮፕስ ስቲያስኒኤ የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የገለጹት ኢትዮጵያዊው የዓሣ ተመራማሪ አበበ ጌታሁንና ኬኔት ላዛራ ናቸው።

ሁለቱም በመጠናቸው ለአነስተኛ ገንዳ የሚመቹ ይመስላሉ። መኖሪያቸው ግን ይህ አንድ ሐይቅ በመሆኑ ከዚያ እየያዙ ለቤት ማስጌጫ ማዋል ዝርያዎቹን ለአደጋ ያጋልጣል። በቀይ ባሕር ዳርቻዎች በሰፊው የሚገኘው ዘመዳቸው አፋኒዮፕስ ዲስፓር፣ ከጨው አልባ ውሃ እስከ ከባሕር የበለጠ ጨዋማ ውሃ ድረስ መኖር ይችላል። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1829 የገለጸው ሩፔል ነው። የጨው መጠን መለዋወጥን በመቋቋም ረገድ ከኮራል ዓሦች ይልቅ ለትንሽ ገንዳ የተፈጠረ የሚመስለው ይህ ዓይነቱ ዓሣ ነው።

የአሞላል ምሳሌ

በደጋ ለሚገኝ የ60 ሊትር ገንዳ የሚከተለው ቅደም ተከተል እንደ ምሳሌ ሊወሰድ ይችላል።

1. ከ1ኛ እስከ 6ኛ ሳምንት፦ የጨው ውሃ፣ ድንጋይ፣ ማሞቂያና ፓምፕ ብቻ፤ ዓሣ አይገባም።

2. 7ኛ ሳምንት፦ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ከሆኑ፣ በማቆያ የቆየ አንድ ቢጫ ጎቢ ይገባል።

3. 11ኛ ሳምንት፦ በእርባታ የተገኘ አንድ ክላውንፊሽ ይገባል።

4. ከዚያ በኋላ፦ በየሳምንቱ 6 ሊትር ያህል ውሃ ይለወጣል፤ የተነነው ውሃ በየቀኑ በንጹሕ ውሃ ይተካል፤ ሦስተኛ ዓሣ አይጨመርም።